ጅብና ነብር ያስቸገሩት ቀበሌ፦ ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ማበጀት ከየት ይጀመራል?

"ስብሰባ ጠራን፣ ስለ ዱር እንስሳት ጥቅም አስተማርን፣ ሕዝቡም አጨብጭቦ ሄደ። በሳምንቱ ጅብ በመርዝ ተገድሎ አገኘን። ምን እናድርግ?"

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎችና የፓርክ ስካውቶች ናቸው፣ አንዳንዴም ክረምት ላይ ወደ ቀያቸው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ እዚህ ላስቀምጠው።

ባጭሩ፣ ማስተማሩን ወደ ኋላ አስቀምጡት። መጀመሪያ ስሙ። ከዚያ መዝግቡ። ከዚያ አንድ ደካማ በረት መርጣችሁ ከሰዉ ጋር አጥሩ። ፍየሉ በጠዋት በሕይወት ሲገኝ ሰዉ ራሱ "ቀጥሎስ?" ይላችኋል።

መመሪያውን የጻፍኩት በዋናነት ጅብ፣ ነብርና ተኩላ ለሚያስቸግሯቸው የደጋና የወይና ደጋ ቀበሌዎች ነው። አንበሳ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ (አላጥሽ፣ ጋምቤላ፣ ባሌ ውስጥ ሐረና ደን) ልዩነት ባለበት ቦታ ላይ እጠቅሰዋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለምርመራና ለመዝገብ፦
- ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተርና እስክሪብቶ
- ካሜራ ያለው ስልክ
- ሜትር (ከሌለ በስንዝር የተለካ ገመድ ይበቃል)
- የእጅ ባትሪ፣ ቢላ፣ የፕላስቲክ ጓንት፣ ሳሙናና ውሃ በጀሪካን

ለካርታ፦ አመድ፣ ጠጠር፣ ባቄላና በቆሎ።

ለበረት፦ ድንጋይ፣ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ የግራር ወይም የቀጋ እሾህ፣ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ መቀርቀሪያ። ገንዘብ ከተገኘ የሽቦ አጥር።

ለማንቂያ፦ ፊሽካ ወይም ጥሩንባ፣ ሁለት ሦስት ጠንካራ ባትሪ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ያስፈልጋችኋል። የዕድር ዳኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከብት የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሴቶች፣ እና እረኛ ልጆች። ልጆቹን አትርሱ። ጅቡ በየት እንደሚመጣ ከቀበሌው ሊቀመንበር የበለጠ ያውቃሉ።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሦስት ማስጠንቀቂያ

አንደኛ፣ አባ ሰንጋ (አንትራክስ)። ድንገት የሞተ ከብት ካጋጠማችሁ፣ በተለይ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣና ሬሳው ቶሎ ከተነፋ፣ አትንኩት። አትክፈቱት፣ ቆዳውን አትግፈፉ፣ ሥጋውን አትብሉ። ሬሳው ሲከፈት ጀርሙ አየር ያገኛል፣ ራሱን ጠቅልሎም አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ፣ ሰውና ውሻ እንዳይጠጋውም አድርጉ። ጅብ በልቶት ቢገኝ እንኳ ጅብ ገደለው ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ። በቀን ብርሃን ሰው መሃል የሚገባ፣ የማይፈራ፣ የሚንገዳገድ ጅብ ወይም ተኩላ ካያችሁ በሽታውን ጠርጥሩ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ይድረስ። "ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ነገ እናየዋለን" አይባልም። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን በሽታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ መርዝ። ሬሳ ላይ የሚነሰነስ መርዝ ጥፋተኛውን መርጦ አይገድልም። የጎረቤትን ውሻ፣ ጥንብ አንሳውን፣ ሜዳ ላይ የሚጫወት ሕፃንንም ይደርሳል። በአገሪቱ ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል መሆኑንም ሰዉ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ይህን ግን በመጀመሪያው ስብሰባ አታውጁት። ለምን እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ቤት ለቤት ዙሩ

ባለፈው ዓመት ከብት የጠፋባቸውን ቤቶች ዞራችሁ አነጋግሩ። ደብተር ይዛችሁ አትግቡ። ደብተር የያዘ እንግዳ ግብር ቆጣሪ ይመስላል። ቡና ከቀረበ ጠጡ፣ በረቱን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፣ ማስታወሻውን ከወጣችሁ በኋላ ጻፉ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ሁልጊዜ ያው አምስት ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜም ትልቅ ግቢና ጥሩ በረት ያላቸው። አንዲት ፍየል ብቻ የነበራትና እሷኑ የተበላችባት እናት እጇን አታወጣም። ለእሷ ግን ያቺ ፍየል የልጆቿ ደብተርና ጫማ ነበረች። ቀድማችሁ ካላገኛችኋት ጉዳቷ የትም አይመዘገብም።

ስትዞሩ አራት ነገር ጠይቁ። ምን ጠፋ? መቼ፣ በምን ሰዓት? የት ነበር፣ በረት ውስጥ ነው ግጦሽ ላይ? ከዚያ በኋላ ምን አደረጋችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው። ሰዉ እስካሁን የሞከረውን ይነግራችኋል። የሠራውን ታሰፉታላችሁ፣ ያልሠራውን ደግሞ እንደ አዲስ ሐሳብ ይዛችሁ መጥታችሁ አትዋረዱም።

ደረጃ 2፦ ስብሰባውን በሰዉ ጊዜና ቦታ ጥሩ

የገበያ ቀን አይሁን። አርሶ አደሩ በማይሠራበት የበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ወይም የዕድር ስብሰባ ባለበት ቀን ይመቻል። ሙስሊም በሚበዛበት አካባቢ የጁምዓን ሰዓት ጠብቁ። ቦታው ዛፍ ጥላ ሥር ቢሆን ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይሻላል፣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሰው የሚናገረው መንግሥት መስማት የሚፈልገውን ነውና።

በመጀመሪያው ስብሰባ ንዴት ይወጣል። ይውጣ። አንድ አባት ተነሥተው "ልጄ፣ ጅባችሁን እሰሩልን እንጂ ምን ስብሰባ አስፈለገ!" ቢሉ ስለ ሥነ ምህዳር አትተንትኑ። "ልክ ነዎት አባቴ። ስንት በግ ሄደብዎት? መቼ ነበር?" በሏቸው። ክሱ ወደ መረጃ የሚለወጠው እንዲህ ነው። ሕጉን በዚህ ሰዓት ያወጃችሁ እንደሆነ ግን ሰዉ ዝም ይላል፣ መርዙንም በድብቅ ያደርገዋል። ሕጉ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ስብሰባ ይድረስ፣ ያኔ በእጃችሁ ሌላ መላ ይኖራችኋል።

ሴቶችንና እረኛ ልጆችን ለየብቻ አነጋግሩ። ማታ በረት የሚዘጋው ማን እንደሆነ ስትጠይቁ ወንዶቹ "እኛ" ይላሉ። ሴቶቹን ስትጠይቁ ይስቃሉ።

አንድ ነገር በጥብቅ። ካሣ ይከፈላል የሚል ቃል አትስጡ፣ ፍንጭም አታሳዩ። በእጃችሁ የሌለ ብር የተስፋ ቃል ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ስብሰባ ሁሉ "ብሩስ?" ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ አጣሪ ቡድን ይመረጥ

ከየጎጡ ሁለት ሁለት ሰው ሰዉ ራሱ ይምረጥ። አንደኛው ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ሌላኛው ከብት የሚያውቅ። በተቻለ መጠን አንዷ ሴት ትሁን። ሊቀመንበሩ የሾማቸው ከሆኑ መዝገቡን ማንም አያምነውም፣ ያልታመነ መዝገብ ደግሞ ደረጃ 9 ላይ ለሚመጣው መዋጮ መሠረት አይሆንም።

ደንባቸው አጭር ነው። ጉዳት ሲደርስ ባለቤቱ በዚያው ቀን ይነግራቸዋል፣ እነሱም በ24 ሰዓት ውስጥ ይደርሳሉ። ከዚያ ካለፈ ዱካው ይጠፋል፣ ውሻና አሞራም ሬሳውን ያበላሹታል።

ደረጃ 4፦ ገዳዩን መለየት

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። አገር ምድሩ "ጅብ በላው" ይላል። የበላው ጅብ ቢሆንም ገዳዩ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ነብር ሊሆን ይችላል፣ የሰፈር ውሻ ሊሆን ይችላል፣ በሽታ ገድሎት ጅብ የደረሰበት ሊሆን ይችላል፣ ሌባ ወስዶት ጅብ ላይ የተላከከም አይጠፋም። ለጅብ ያጠራችሁት በረት ነብርን አያቆምም፣ ነብርን የሚያቆም ጣሪያ ደግሞ ለውሻ ከንቱ ወጪ ነው።

መጀመሪያ የአባ ሰንጋ ምልክት አለመኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ ጓንት አድርጉ።

አንገቱን እዩ። ጸጉሩን ወደ ጎን ገለጥ አድርጋችሁ የጥርስ ቀዳዳ ፈልጉ። ቀዳዳው ዙሪያ ቆዳውን በቢላ ከፈት ስታደርጉ ከሥር ደም ቋጥሮ ጠቁሮ ከታየ፣ እንስሳው የተነከሰው በሕይወት እያለ ነው። ሥጋው ንጹሕና ገርጣ ያለ ከሆነ የተነከሰው ከሞተ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ገዳዩ ሌላ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ አጣሪዎቹ ቢያውቁ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ከዚያ እንዲህ ለዩ፦

- ጅብ፦ ከኋላ፣ ከሆድና ከጡት አካባቢ ይቦጭቃል። አጥንት ይሰብራል፣ ይበላልም። ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የፈርስ ክምርና የደም ምልክት ብቻ ነው። ዱካው አራት ጣት ከነጥፍሩ ነው፣ የፊት እግሩ ከኋላው ይተልቃል። ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፣ ከሚበላው አጥንት የተነሣ።
- ነብር፦ ጉሮሮ ላይ ንክሻ። ሬሳውን ጎትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይደብቃል ወይም ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ዱካው ክብ ነው፣ ጥፍር አይታይበትም፣ ጥፍሩን ሰብስቦ ነው የሚራመደው።
- አንበሳ፦ እንደ ነብር ጥፍር የሌለው ዱካ፣ ግን በጣም ትልቅ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያለው። ትልልቅ ከብት ይጥላል፣ ጀርባና ትከሻ ላይ የጥፍር ቧጨራ ይተዋል።
- ተኩላ፦ ግልገልና ጠቦት ላይ ነው የሚበረታው። ዱካው እንደ ትንሽ ውሻ ነው።
- ውሻ፦ ብዙ በግ ነክሶ ጥቂት ይበላል። እግር፣ ጆሮ፣ ጭራ፣ ያገኘውን ይነክሳል። በአንድ ሌሊት አምስት በግ ቆስሎ አንድም ካልተበላ መጀመሪያ የሰፈር ውሾችን አስቡ።

ባሌ፣ ሰሜን ተራሮች ወይም መንዝ ጓሳ አካባቢ ያላችሁ ቀይ ቀበሮን ከተኩላ ለዩ። ቀይ ቀበሮ በዋናነት አይጥና ፍልፈል ነው የሚያድነው፣ በዓለም ላይ የቀረውም ከ500 ያነሰ ነው። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ደማቅ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ አለው። በስህተት ተኩላ ተብሎ አንዱ ቢገደል የማይተካ ጉዳት ነው።

ዱካ ፎቶ ስታነሡ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡ። ያለዚያ በፎቶ የድመትና የአንበሳ ዱካ እኩል ነው።

ደረጃ 5፦ መዝገቡን አንድ ዓይነት አድርጉ

አንድ ጉዳት፣ አንድ መስመር። ለምሳሌ፦

"ሚያዝያ 12 ሌሊት። ላይኛው ጎጥ። 1 ሴት ፍየል። በረት ውስጥ። በሩ በገመድ ታስሮ ነበር፣ ገመዱ ተበጥሷል። ዱካ አራት ጣት ከነጥፍር። የቆዳ ሥር ደም አለ። ጅብ፣ እርግጠኛ።"

መጨረሻ ላይ "እርግጠኛ"፣ "ምናልባት" ወይም "አልታወቀም" ብላችሁ ጻፉ። "አልታወቀም" ማለት ነውር አይደለም። ሁሉም መስመር "እርግጠኛ" የሆነበት መዝገብ ካያችሁ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሞላው ነው።

በበሽታ፣ በገደልና በስርቆት የጠፋውንም በዚሁ መዝገብ ላይ አስገቡ። ሰዉ ዓመቱ ሲያልቅ ራሱ ያነጻጽራል። አንዳንድ ቀበሌ ላይ በሽታ ከጅብ የበለጠ እንደፈጀ የሚታየው ያኔ ነው፣ እናንተም "የጅብ ችግር" ብላችሁ የጀመራችሁት በክትባት ዘመቻ ሊያልቅ ይችላል። ምንም አይደለም። ሰዉ ከብቱ እስከተረፈለት ድረስ በማን በኩል እንደሆነ አይከራከርም።

ደረጃ 6፦ ካርታ መሬት ላይ ሥሩ

ከሁለት ሦስት ወር መዝገብ በኋላ ሰዉን ሰብስቡ። ሜዳ ላይ በአመድ መንገዱን፣ ወንዙን፣ ገደሉን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ሥሩ። በረት ውስጥ ለተበላ በቆሎ፣ ግጦሽ ላይ ለተበላ ባቄላ፣ ለጅብ ዋሻና መተላለፊያ ጠጠር ይቀመጥ። የሚያስቀምጡት እነሱ ናቸው፣ እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ።

ወረቀት ላይ ከሠራችሁት እስክሪብቶ የያዘው ሰው ነው ካርታውን የሚሠራው። መሬት ላይ ሲሆን ግን ያልተማሩ እናትም ጎንበስ ብለው "ኧረ ይሄ ወንዝ በዚህ ነው!" ብለው ያርማሉ።

በቆሎው የት እንደተከመረ ሁሉም ያየዋል። ብዙ ጊዜ ጉዳቱ በቀበሌው ላይ እኩል አይበተንም። ጥቂት ቤቶች ላይ ይደጋገማል፣ ሥራውም እዚያ ይጀመራል።

አብሮ የወራት ሰንጠረዥ ይሠራ። ክረምት ላይ ጭጋግና ረጅም ሣር አለ፣ አውሬ ሳይታይ ይጠጋል። በግና ፍየል የሚወልዱበት ወቅት ተኩላ ይበረታል። ዐቢይ ጾም ደግሞ ለብቻው ይታሰብበት። ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ የቄራ ትርፍራፊ ይጠፋል፣ ከሰው ቆሻሻ ይኖር የነበረው ጅብ ፊቱን ወደ ከብት ያዞራል። ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ ሰብስበው ጸጉሩን የመረመሩ አጥኚዎች በጾሙ ወራት የአህያ ጸጉር መጨመሩን አግኝተዋል። ስለዚህ ከቅበላ በፊት አህያ የሚያድርበት ቦታ ይስተካከል። አህያ ብዙ ቤት ውጭ ነው የምታድረው።

ደረጃ 7፦ አንድ በረት በደቦ አጥሩ

አንድ ብቻ። ከካርታው ላይ በቆሎ የበዛበትን፣ በተለይ አቅም የሌላትን እናት ወይም አዛውንት በረት ምረጡ። የሀብታም በረት ከመረጣችሁ ሰዉ "ለሱ ድሮም ይሠራለታል" ይልና ይተዋችኋል። ደቦ ወይም ወንፈል ይጠራ። ጠላና ቆሎው ከማን እንደሚመጣ ቀድሞ ይታወቅ፣ በዚህ የፈረሰ ደቦ ብዙ ነው።

መጀመሪያ በቀን አንድ ሰው ገብቶ በሩን ይዝጋና ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ይጥራ። ማታ ደግሞ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቁም፣ ሌሎቹ ዙሪያውን ይዙሩና ብርሃን ያፈተለከበት ላይ ምልክት ያድርጉ። ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን። ጅብ ጥርሱን ያስገባበትን ቀዳዳ ያሰፋዋል።

ከዚያ፦

ሀ. ከሥር ይጀመር። ጅብ ይቆፍራል፣ የሚቆፍረውም ግድግዳው ሥር ተጠግቶ ነው። ከውጭ በኩል ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ዙሪያውን ይነጠፍ። ጥፍሩ ድንጋይ ሲያገኝ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መቆፈር አይመጣለትም።

ለ. ቁመቱ ከሰው ራስ ከፍ ይበል። እሾህ ከሆነ ጉቶው ወደ ውስጥ፣ ቅርንጫፉ ወደ ውጭ ይደረግ። አውሬው ቅርንጫፉን ነክሶ ሲጎትት ይወጋዋል፣ ጉቶው ወደ ውጭ ከሆነ ግን ጎትቶ መንገድ ይከፍታል። እሾህ ስለሚደርቅና ስለሚሳሳ በየዓመቱ ይታደሳል።

ሐ. በሩ። አብዛኛው በረት የሚደፈረው በበሩ ነው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ሆኖ ከውስጥ መቃኑ ላይ ማቆሚያ ይመታበት። አውሬ ከውጭ ሲገፋው መቃኑ ላይ ይጣበቃል እንጂ አይከፈትም። ከብት ደንግጦ ከውስጥ እንዳይበረግደው ደግሞ ጠንካራ መቀርቀሪያ ያስፈልገዋል። ገመድ መቀርቀሪያ አይደለም፣ ጅብ ያኝከዋል።

መ. ነብር ባለበት ጣሪያ የግድ ነው። አጥር ቢረዝም ይዘለዋል ወይም ይወጣዋል። ገንዘብ ካልበቃ ለፍየሎቹ ብቻ ትንሽ ጉረኖ ተለይታ ትከደን።

ሠ. አንበሳ ባለበት አጥሩ የማያሳይ ይሁን። አንበሳ ሁልጊዜ ሰብሮ አይገባም። ከብቱ አይቶት ወይም ሸትቶት ሲበረግግ አጥሩን ጥሶ ይወጣል፣ የሚበላውም ከወጣ በኋላ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል የሶላር መብራትም ይረዳል። ናይሮቢ ፓርክ አጠገብ ሪቻርድ ቱሬሬ የሚባል የማሳይ ልጅ የሠራው ከአሮጌ የመኪና ባትሪ፣ ከሶላርና ከሞተር ብስክሌት ፍሬቻ ነበር። መብራቱን ግን ቦታ እየቀያየራችሁ አብሩት። አንድ ቦታ የሚበራ መብራት አውሬው ይለምደዋል፣ ልብስ የለበሰ የማስፈራሪያ እንጨትም እንደዚያው።

ደረጃ 8፦ ውሎና ቆሻሻ

በረት የሌሊቱን ነው የሚፈታው። ለቀኑ እነዚህን አስማሙ፦

- ከብት ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይግባ፣ ሲገባም ይቆጠር። የጎደለ በግ የሚፈለገው ሳይመሽ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።
- ነብር ያለበት ገደልና ጫካ አጠገብ ትንሽ ልጅ ብቻውን አይሰማራ። ተራ ወጥቶ ሁለት ቤት መንጋውን ቢያቀላቅል አንድ አዋቂ ይገኛል፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።
- የደረሰች በግና ፍየል ቤት አጠገብ ትዋል።
- የሞተ ከብት ሜዳ ላይ አይጣል። ይቀበር። የተጣለ ሬሳ ጅብን በየማታው ወደ መንደር የሚጠራ ነው። ከሥጋ ቤትና ከሰርግ ቤት የሚወጣውም እንዲሁ።
- ውሾች ይከተቡ። የባሌ ቀይ ቀበሮዎችን የእብድ ውሻ በሽታ የፈጃቸው ከውሻ ተጋብቶባቸው ነው። ክትባቱ ሰዉንም ራሱን ያድነዋል።

ደረጃ 9፦ ደንብና መዋጮ

አዲስ ማኅበር አታቋቁሙ። ዕድሩ አለ፣ ዳኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ቅጣት ያውቃል። ከዕድሩ ሥር የከብት መዋጮ ይከፈት።

ስሌቱ በግልጽ ይሠራ። 60 አባወራ በወር 20 ብር ቢያዋጣ በዓመት 14,400 ብር ነው። ከመዝገቡ የዓመቱን ጉዳት አውጡና አካፍሉ። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ መዋጮው ይጨመራል ወይም የሚከፈለው ይቀነሳል። በአየር ላይ አትስማሙ።

ሦስት ቅድመ ሁኔታ አድርጉበት። ጉዳቱ በዚያው ቀን የተነገረ ይሁን። አጣሪዎቹ አይተው "እርግጠኛ" ወይም "ምናልባት" ያሉት ይሁን። በረቱም ደንቡ ባለው መንገድ የታጠረ ይሁን። የሚከፈለው የገበያውን ዋጋ ግማሽ ያህል ቢሆን ይመከራል። ሙሉውን ከከፈላችሁ በሩን ለመዝጋት ማንም አይነሣም፣ ምንም ካልከፈላችሁ ደግሞ መርዙ ይመለሳል። አቅም አጥቶ በረቱን ያላጠረ ሰው ካለ መጀመሪያ ደቦ ይጠራለት እንጂ በደንቡ አይገፋ።

መርዝ ያስቀመጠ ሰው ላይ ዕድሩ የራሱን ቅጣት ይወስን። ዕድር የቀጣው ሰው በቀብርና በሰርግ ሰዉን ቀና ብሎ ማየት አለበት፣ ይህ ከፖሊስ ይልቅ ያስፈራዋል።

ደረጃ 10፦ አውሬ መንደር ሲገባ ማን ምን ያደርጋል?

ይህ ቀድሞ ካልተወሰነ ሁሉም ዱላ ይዞ ይሮጣልና ጉዳቱ ያኔ ይብሳል። ነብር በባሕርይው ከሰው ይሸሻል። ሰው የሚያቆስለው አብዛኛውን ጊዜ ሲከበብና መውጫ ሲያጣ ነው።

- ፊሽካ አንድ ጊዜ ረጅም ሲነፋ፣ ልጆች ወደ ቤት፣ በር ይዘጋ።
- ሁለት የተመረጡ ሰዎች ብቻ ከሩቅ ይከታተሉ። መውጫውን ማንም አይዝጋ።
- የተመረጠ ሰው ለቀበሌና ለፓርክ ወይም ለወረዳ ይደውል። ስልክ ቁጥሮቹ መዝገቡ ሽፋን ላይ ይጻፉ።
- ፊት ለፊት የተገጣጠመ ሰው አይሩጥ። ፊቱን ሳያዞር ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይበል፣ እጁን ዘርግቶ ተለቅ ይበል፣ ድምፁን ያሰማ።
- ማሳ ጥበቃ የሚያድር ሰው ሜዳ ላይ አይተኛ፣ ማማ ላይ ይሁን። ጅብ ሰውን የሚደፍረው ብዙ ጊዜ ተኝቶ ሲያገኘው ነው።

ሰው ከተጎዳ፣ ወይም አንድ እንስሳ ተለይቶ ደጋግሞ ሰው ላይ ከመጣ፣ በጽሑፍ ለወረዳው አሳውቁ፣ ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ግልባጭ ይሂድ። መዝገቡ እዚህ ላይ ይጠቅማል። "ጅብ አስቸገረን" ከሚል ደብዳቤ ይልቅ ቀን፣ ቦታና ፎቶ ያለው ደብዳቤ መልስ ያገኛል።

ደረጃ 11፦ በየወሩ ግማሽ ሰዓት

ከዕድሩ ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ጠይቁ። የወሩ መዝገብ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የታጠሩት በረቶች ተደፈሩ ወይ? በየት በኩል? ያልሠራ ነገር ካለ በዚያው ይቀየር። አንብቡላቸው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ማንበብ የማይችለው ሰው መዝገቡ የሱም እንደሆነ የሚያውቀው ስሙና ፍየሉ ሲጠሩ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

በረት ካጠሩ በኋላ ጎረቤቱን መርሳት። አውሬው አይጠፋም፣ ወደሚቀጥለው ደካማ በረት ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በረት በኋላ በሰፈር በሰፈር እያያያዛችሁ ቀጥሉ።

አበል መክፈል። ለስብሰባ አበል የከፈላችሁ ቀን ያለ አበል የሚመጣ ሰው አይኖርም። ቡናና ዳቦ ይበቃል።

ዋሻ መድፈንና ማጨስ። ጅቦቹ ቦታ ይቀይራሉ፣ ሰዉ ደግሞ መተላለፊያቸውን ማወቁ የሚሰጠውን ጥቅም ያጣል። ዋሻ ውስጥ የሚገባ ወጣትም ተነክሶ ሊወጣ ይችላል።

ፕሮጀክት ሲያልቅ መዝገቡን ይዞ መሄድ። መዝገቡ የቀበሌው ነው። እናንተ ፎቶ አንሥታችሁ ሂዱ፣ ዋናው ዕድሩ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

የመጨረሻው፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ቀበሌ መጀመር። በአንዱ ጎጥ ጀምሩ። የሠራ እንደሆነ የጎረቤት ጎጥ ሽማግሌዎች ራሳቸው መጥተው በሩን እየከፈቱና እየዘጉ ያዩታል፣ ማጠፊያው ከየት እንደተገዛም ይጠይቋችኋል።